የጨው ቦቴ

የሺሃረግ በቦቴው ደረጃ ላይ ወጥታ ዶማዋን በበሩ መስታወት ላይ ስትሰነዝር፣ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አላየችም። መስታወቱ ጥቁር ነው። የጠዋት ፀሐይ አርፋበት የሚታያት የገዛ መልኳ ብቻ ነበር፤ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ፣ ጥርሷን ነክሳ። አንዴ መታችው፣ ተሰነጠቀ። ደገመችው። መስታወቱ እንደ በረዶ ረገፈ፤ የዶማው ጫፍ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ወደ ውስጥ ዘልቆ ሥጋ አገኘ።

"ኧረ እትዬ የሺ!" ብሎ ጮኸ ሰውዬው።

ሜልበርን ውስጥ እትዬ የሺ ብሎ የሚጠራት ብዙ ሰው አለ። ይህን ድምፅ ግን ለይታ ታውቀዋለች። የሟች ባሏ የወልደአማኑኤል ታናሽ ወንድም፣ ወንድማገኘሁ ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። የሺሃረግ በሱዳን በኩል ተሰዳ አውስትራሊያ የመጣች፣ ፍሌሚንግተን በሚባል ሰፈር ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ የምትኖር፣ ዕድሜዋን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ጨርሳ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ሲሞትባት ከአልጋ ያነሳት መሬት ነው። ዲር ፓርክ የሚባል የከተማው ዳርቻ፣ ከመጋዘኖች ጀርባ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ለአትክልት የፈቀደው ሜዳ አለ። አፈሩ መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ይቀማል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በቾ ተወልዳ ላደገች ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ጠባዩን ታውቅለታለች። ባሏ በሕይወት ሳለ የተከለው ጌሾ ከአጥሩ ጋር ወጥቷል። እሷ ደግሞ ጎመንና ባቄላ፣ በዳር በዳሩ ጤና አዳም ታበቅል ነበር።

በአትክልቱ አናት በኩል አስፋልት ያልነካው የከባድ መኪና መንገድ ያልፋል። በበጋ አቧራው አይጣል ነው። ከመጋዘኖቹ የአንዱ ባለቤት፣ ዳረን የሚሉት ትከሻ ሰፊ ሰውዬ፣ አቧራውን የሚያበርድ ቦቴ አሰማራ። ቦቴው ጠዋት ጠዋት እየተጎተተ መንገዱን ያረጥበዋል። አትክልተኞቹ መጀመሪያ ላይ መረቁት።

ከዚያ የባቄላው ቅጠል ጫፍ ጫፉን እሳት እንደላሰው ሆነ። የሺሃረግ ውሃ ጠምቶት ነው ብላ ውሃ ጨመረችለት። ባሰበት። ጌሾው ከላይ ወደ ታች ደረቀ። ዝናብ ሲጥል ውሃው እንደ ድሮው አልሰርግ አለ፤ አፈሩ እንደ ሊሾ ወለል ተለስኖ፣ ውሃው ላዩ ላይ ተንጣሎ ይውላል። ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተፋል። አንድ ቀን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው። ወዲያው ተፋችው።

"ጨው ነው!"

የጓደኛዋ ልጅ ያኔት የአፈር ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። አፈሩን ወስዳ መርምራ ተመለሰች።

"በረዶ የሚጥልበት አገር በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ በዚያ ጦስ የከተማው ዛፍ ይደርቃል" አለቻት። "እዚህ በረዶ የለም። ጨው ግን እርጥበት ስለሚይዝ አቧራ ያስራል። ይሄ ሰውዬ ውሃ እንዳይገዛ አትክልት በጨውና በኮምጣጤ ከሚያሽግ ፋብሪካ የጨው ፍሳሽ እያስመጣ ነው መሰለኝ፤ መንገዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ጨው ለሥሩ ውሃ ይከለክለዋል። መረሬውን ደግሞ ያሟሟውና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አፈሩ መተንፈስ ያቆማል።"

"ታዲያ ሞተ በዪኛ" አለች የሺሃረግ።

ሁለቱ ሆነው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ዳረን ሳቀባቸው። "ውሃ ነው፤ ንጹሕ ውሃ" አለ። ያኔት ስልኳን አውጥታ ቦቴውን ፎቶ ስታነሳ ሳቁ ጠፋ። ክንዷን ጠምዝዞ ስልኩን ነጠቃትና ከኮንክሪቱ ጋር አላተመው። የሺሃረግ መሐል ገባች። ደረቷ ላይ በሁለት እጁ ገፈተራት፤ በጀርባዋ ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ስትነሳ የእጇ መዳፍ ተልጦ ደም ያዥ ነበር። ለፖሊስም ለካውንስሉም አመለከቱ። እናጣራለን ተባሉ።

ዳረን ግን ማጣራቱን አልጠበቀም። በማግሥቱ ጠዋት የሺሃረግ አትክልቱ ውስጥ ስትገባ መሬቱ ረግረግ ሆኖ አገኘችው። በአጥሩ ላይ ቧንቧ አሳልፈው ሙሉ ቦቴ ገልብጠውበታል። ጎመኑ ፍም የፈሰሰበት ይመስል ተኝቷል። ከሰው ሁሉ ማሳ የእሷ ነበር የተመረጠው። ጭቃው ውስጥ ቆማ አላለቀሰችም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ የቦቴው ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ ዶማዋን አንስታ ወጣች። መሐል መንገድ ቆማ አስቆመችው። የፊቱ መስታወት ላይ ፀሐይ አብርታበት ሾፌሩ አይታያትም፤ ጥሩምባ ነፋ፣ አልወረደም። እሷ ወጣችበት።

አሁን ያ ሾፌር በሩ ተከፍቶ ላይዋ ላይ ወደቀ። ግራ ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞታል፤ በጣቶቹ መሐል ደም እየተንዠቀዠቀ ነው። ወንድማገኘሁን ካየችው ቆይታለች። ወልደአማኑኤል የሞተ ጊዜ አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ ብሎ ነበር፤ እሷ እዚሁ ቀበረችው። በተዝካሩ ቀን በሰው ፊት ተሰዳደቡ፣ ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም። የት እንደሚሠራ እንኳ አታውቅም ነበር።

"ወንድሜ! ወንድሜን! እጄ ይቆረጥ!" ነጠላዋን አጣጥፋ ቁስሉ ላይ ጫነችው። ወዲያው ራሰ።

ዳረን ከመጋዘኑ ግቢ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ያየው የቦቴውን ታንክ ነው፣ ሰውዬውን አይደለም።

"ፖሊስ ሳይመጣ ይሄ ባዶ መሆን አለበት!" ብሎ ወደ ታንኩ ማፍሰሻ ቫልቭ ተንደረደረ።

"ዓይኑ ፈሰሰ እኮ! አምቡላንስ ጥራ!" የሺሃረግ ክንዱ ላይ ተጠመጠመች። በክርኑ አፏን አላት። ጥርሷ ሲሰበር በራሷ ጆሮ ሰማችው።

ወንድማገኘሁ እሷ ስትወድቅ አየ። በአንድ ዓይኑ ነው ያየው። ተነሥቶ ዳረንን ከኋላው አንገቱን አነቀና ግንባሩን ከታንኩ ብረት ጋር አጋጨው፤ ታንኩ እንደ ደወል ጮኸ። ዳረን የያዘውን የቧንቧ መፍቻ ወደ ኋላ ሰንዝሮ ጎድኑን መታው፣ ደገመው። ሁለቱም ተያይዘው ከቫልቩ ሥር የተጠራቀመው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተደፉ። ጨው የተቀደደውን ዓይን ሲነካ ወንድማገኘሁ ያወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። የሺሃረግ እንዲህ ያለ ጩኸት ሱዳን በረሃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማችው።

ያ ጩኸት ሲያልቅ ጉልበት ሆነለት። ዳረንን ገልብጦ ጀርባው ላይ ተቀመጠና ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፈቀው።

"ጠጣው! ውሃ ነው አላልክም? ጠጣው!"

ዳረን መሬቱን በእጁ ቧጠጠ። እግሩ ተራገጠ፣ ከዚያ መራገጡ እየዘገየ መጣ። የሺሃረግ በአፏ ደም ሞልቶ ይህን አየች። ይሙት የሚል ነገር ውስጧ እንዳለ አወቀች፤ ያውም ትንሽ አልነበረም። ከዚያ ዘላ የወንድማገኘሁን አንገትጌ በሁለት እጇ ያዘች።

"ተው! በወንድምህ አጥንት፣ ተው!"

አልሰማም። ሸሚዙ እጇ ላይ ተቀደደ። ጆሮው ሥር ሆና ጮኸች፦

"በወልዴ አጥንት ይዤሃለሁ!"

እጁ ላላ። ዳረን ጎኑ ላይ ተገልብጦ ያን ውሃ እያስመለሰ ተንፈራፈረ። የመጋዘኑ ሠራተኞች ደርሰው ለያዩዋቸው። ከእነሱ አንዱ ደውሎ ኖሮ፣ ታንኩ ሳይፈስ ፖሊስ ደረሰ።

ዓይኑ አልዳነም፤ አወጡት። የሺሃረግ ከንፈሯ አብጦ፣ ፖሊስ ቃሏን ከተቀበላት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ከአልጋው አጠገብ እንደተቀመጠች እሱ ቀደማት።

"ቧንቧውን ወደ አትክልቱ ያዞርኩት እኔ ነኝ" አላት።

"የኔ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

ወደ ግድግዳው ዞረ። "የወንድሜን ጌሾ አጣዋለሁ? ዳረን የጥቁሯን ሴትዮ መደብ አለኝ፣ እኔም የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቀው ሄድኩ።"

"ከሥራ እንዳያባርርህ ፈርተህ ነዋ።"

"እሱን ብልዎት ውሸት ይሆናል። ተናድጄብዎት ነበር። ወንድሜን እዚህ አፈር ውስጥ ስለ ጨመሩብኝ። አፈሩን ስገድለው ደስ ብሎኛል።"

የሺሃረግ ብድግ አለች። እጇ ከእሷ ፈቃድ ውጭ ተነሣ። በፋሻ የተጠቀለለውን ግማሽ ፊቱን አየችና ያን እጅ መልሳ የራሷን ደረት መታችበት፣ ደጋግማ፣ ነርሷ ሮጣ እስክትይዛት።

"ዓይንህን መመለስ አልችልም" አለችው ስትወጣ። "አንተም አፈሬን አትመልስልኝም።"

ፍርድ ቤት ሁለቱም እውነቱን ተናገሩ። እሷ መታሁት አለች። እሱ ቧንቧውን ማን እንዳዞረ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ፍሳሹ ከየት እንደሚጫን ሳይሸሽግ ዘረዘረ። ታንኩ ውስጥ የተገኘውን ነገር መረመሩት፤ ከሜዳው አፈር ጋር ገጠመ። ዳረን በሴቶቹ ላይ ላደረሰው ጉዳትና በመሬቱ ላይ ለሠራው ተፈረደበት፣ መጋዘኑም ተዘጋ። ዳኛዋ የሺሃረግን ከእስር ማሯት፣ ሰው አካሉን አጥቷልና ግን በነፃ ማኅበረሰቡን እንድታገለግል ፈረዱባት። ወንድማገኘሁም በዳረን ላይ ላደረገው እንደዚሁ ተፈረደበት። ፍርዱን ሲሰሙ አንዳቸው ወደ ሌላው አልተያዩም።

ቀጥሎ ያለው ክረምት ሲገባ ያኔት ለአፈሩ ጄሶ ይበተንለት አለች። ጄሶው ጨውን ከመረሬው ያላቅቀዋል፣ ዝናቡ ወደ ታች ያጥበዋል፤ ዓመታት ይፈጃል፣ ላይሳካም ይችላል። ለጊዜው ጨው የሚችል እህል ሞክሩ ብላ ገብስ አመጣች። የሺሃረግ ለብቻዋ ጄሶ ስትበትን አንድ ቀን ወንድማገኘሁ አካፋ ይዞ በበሩ ገባ። ሰላም አላላትም፣ ግባም አላለችውም። ከከረጢቱ ዛቀና ከሌላው ጫፍ ጀመረ። በሳምንቱም መጣ።

ገብሱ ሲበቅል ሜዳው ቆረቆር የያዘው ራስ መሰለ፤ እዚህ ትንሽ አረንጓዴ፣ እዚያ ባዶ ነጭ። አንድ ጠዋት ወንድማገኘሁ ጋሪ እየገፋ ሲመጣ በግራ በኩል ያለውን አላየውምና ከበቀለችው ጥቂት ላይ ጎማውን ነዳባት።

"ምን ዓይነት ሰው ነህ! ገብሱን ጨፈለቅከው እኮ!" ስትል ጮኸችበት።

"ማን ነው ዓይኔን ያወጣው?" ሲል መልሶ ጮኸ።

"ማን ነው ጨው የደፋብኝ?"

"ወንድሜን ማን ነው..."

"ወንድምህ ባሌ ነው! እኔ ነኝ የገነዝኩት፣ እኔ ነኝ ዓይኑን የከደንኩት! አንተ የት ነበርክ?"

ጋሪውን ለቀቀው፣ ተገለበጠ። በዙሪያው ያሉት አትክልተኞች ሥራቸውን ትተው ዞሩ። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ያለፈውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሡ ተጯጯሁ፤ በተዝካሩ ቀን የተባባሉትን፣ ከዚያ ያልተባባሉትን። ድምፃቸው እስኪዘጋ። ከዚያ የሺሃረግ በጉልበቷ ተንበርክካ የተጋደመውን ገብስ ማቃናት ያዘች። እሱም በደህናው ዓይኑ በኩል እንድትሆንለት ዞሮ ሄዶ፣ ከአጠገቧ ተንበረከከ።