የሙሽራው ኪስ

ከልብስ ስፌት ቤቱ ያባረራት የባሏ ወንድም ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ ዋርሳዋ በሠራተኞቹ ፊት፣ «እመቤት ክር ለቃሚ! አንቺ አንድ ኮት ስትዳብሺ ሌላው ሦስት ይጨርሳል። ይህን ጥቃቅን ነገር ማን ያያል?» ብሎ አሳቀባት። መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ሳቁ ደጁ ድረስ ሸኛት፤ ከዚያም ወዲህ ከጆሮዋ አልወጣም።

ቤቷ ውስጥ አንዲት የስፌት መኪና አስቀምጣ ሥራ ጀመረች። ጨርቁን በእጇ፣ ቂሟን በልቧ ይዛ ትሰፋለች።

ያን ሰሞን የከተማው ባለሆቴል ልጁን ሊድር ሆነ። የሙሽራውን ሱፍ የሰፋው ዋርሳዋ ነው። ባለሆቴሉ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስም ለእሱ ሊሰጠው አስቧል፤ «መጀመሪያ ግን ልጄ ላይ ልየው» ብሏል። እሷም የሙሽሪት ጎረቤት ነበረችና የእናቲቱን ቀሚስ ሰፍታ ተጠራች።

ሙሽራው በአዳራሹ በር ሲገባ ዓይኗ ኮቱ ኪስ ላይ አረፈ። ኪስ ቅርጹን እንዳይለቅ ሲሰፋ አፉ በቀጭን ክር ይዘጋል፤ ክሩ የሚፈታው ልብሱ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ክር መፍታት የእሷ ሥራ ነበር። እሷ ከወጣች ወዲህ ለካ ማንም ትዝ አላለውም!

ልትናገር አፏን ከፈተች። ወዲያው ዋርሳዋን ፊተኛው ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ አየችው። አፏን ዘጋች።

አባትየው የቀለበቱን መያዣ ለልጁ ሰጠው። ሙሽራው በአንድ እጁ አበባ ይዟል፤ ዓይኑ ሙሽሪት ላይ ነው፤ መያዣውን ወደ ኪሱ ሰደደው። መያዣው ተንሸራቶ ወደቀና ቀለበቱ ወንበር ሥር ተንከባለለ። ሚዜዎቹ በአዲስ ሱፋቸው ተንበረከኩ። ቀለበቱ ሲገኝ ሙሽራው ሌላውን ኪስ ሞከረ፤ እሱም ዝግ ነው።

«ልጄ፣ ኪስህ ሥዕል ነው እንዴ?» አለ አንድ ሽማግሌ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ያኔ ብድግ አለች። ከቦርሳዋ መቀሷን አውጥታ ሁለቱንም ክር ቆርጣ መዘዘች፤ ኪሱን በመዳፏ አለሰለሰችው።

«ይህ የምን ስፌት ነው?» አለ ባለሆቴሉ ፊቱ ቀልቶ።

«ክር ለቃሚ የሌለበት ቤት ስፌት ነው፣ ጋሼ» አለች ዋርሳዋን እያየች። ሳቁ ዞሮ እሱ ላይ አረፈ።

ባለሆቴሉ የሙሽሪትን እናት ቀሚስ ማን እንደሰፋው ጠየቀ። እሷ መሆኗን ሲሰማ እጅጌውን ገልብጦ ስፌቱን ተመለከተና፣ «ለደንብ ልብሱ ነገ ሆቴሉ ድረስ ነይ» አላት።

ዋርሳዋ በሩ ላይ ጠበቃት። «ሙሽራው ገና ሲገባ ክሩን አይተሻል አይደል? ጠጋ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ማን ያያል ብዬ ነዋ፣ ዋርሳዬ!»

ከሙሽራው ኪስ የመዘዘችውን ክር ጠቅልላ በእሱ ኪስ ከተተችለትና ወጣች። አሁን ሳቁ አልተከተላትም፤ ከእሱ ጋር ቀረ።