የሳሎኑ አምፖል

ለቤተ ዘመድና ለቅርብ ጎረቤት ሁሉ እንዲታወቅ፦ የሳሎናችን አምፖል ተቃጥሏል።

በሌላ ቤት ይህ ወሬ አይሆንም። የእኛ አባት ግን ኤሌክትሪሻን ነው፤ ከመሰላል ወድቆ የጉልበቱ ጅማት ከተበጠሰ ወዲህ ደግሞ መሰላል የሚባል ነገር በቤታችን ስሙ አይነሳም። ቀዶ ሕክምናው ሠምሯል። ወራት አልፈው ፊዚዮቴራፒስቷም ጅማቱ በደንብ ይዟል፣ ክራንቹን ጥለህ ሥራህን መጀመር ትችላለህ ብላዋለች፤ ሲወጣ ደህነኛውን እግር፣ ሲወርድ በቀዶ ሕክምና የተሠራውን ማስቀደም ብቻ ነው። እሱ ግን ጉልበቴ ድንገት ይከዳኛል ብሎ ክራንቹን የሙጥኝ አለ። ሥራ መቼ ነው ሲሉት ስለ አየሩ ያወራል።

አምፖሉን እኛ ብንቀይረው «አንተ በቃህ» ማለት መስሎ ተሰማን። ስለዚህ በጨለማ ተቀመጥን። እናታችን መብራት ዓይኔን ይወጋኛል አለች። እኔም የኮሪደሩ ብርሃን ይበቃኛል ብዬ ስነሳ ከጠረጴዛው ጋር ተላተምኩ። አባታችን አምፖሉ መቃጠሉን ጭራሽ አላየም፤ ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ያነብ ነበር።

እሁድ ሲመሻሽ አጎታችን መጣ። የእናታችን ወንድም ነው፤ ለቁመቱ «ምሰሶ» እንለዋለን። ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የተዳፈናችሁት ብሎ ጠየቀ። እናታችን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሱ ግን ፍጠን ያለችው መሰለውና ወንበር ስቦ ወጣ፣ እጁን ወደ አምፖሉ ሰደደ።

«ማብሪያውን ሳታይ?» አለ አባታችን።

የተቃጠለ አምፖል ማብሪያው ይብራ ይጥፋ አያስታውቅም። አባታችን ሳሎኑን አቋርጦ ማብሪያውን አጠፋና አጎታችንን በሱሪው ይዞ ጎተተው።

«ውረድ አንተ። እህትህን ለቅሶ ልታስቀምጥ ነው?»

ወዲያው ራሱ ወጣ፤ ደህነኛውን እግር አስቀድሞ። የተቃጠለውን ፈታና መዳፉን ወደ ታች ዘረጋ። እናታችን ከሹራቧ ኪስ አዲስ አምፖል አውጥታ አቀበለችው። የካርቶኑ ጠርዝ ኪስ ውስጥ ከመክረሙ የተነሳ ተልጦ ነበር።

«አብሩት» አለ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። የእናታችን ዓይን አልተወጋም፤ አፍጥጣ ታየው ነበር። ክራንቹ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። አባታችን መጀመሪያ ክራንቹን አየ፣ ቀጥሎ ወለሉን። አጎታችን ሊደግፈው ሲል እናታችን እንደገና ጎሸመችው። አሁን ገባው።

የተሠራውን እግር አስቀድሞ ወረደ።

ጉልበቱ ምንም አላለም።