ለጓድ ብዙነህ ቤተሰብ የወጣ የሦስት ቀን የሽርሽር ፕሮግራም

የዚያን ሽርሽር ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በማንም ላይ አላላክክም። ጊዜው ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነው። ጎባ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ታይፕ እመታለሁ፤ ከላይ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ኦሮምኛ ስለምችል አስተረጉማለሁ። አርብ ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠራኝ።

«ጁሀራ፣ ጓድ ብዙነህ ማክሰኞ ከነቤተሰባቸው ይገባሉ። ሦስት ቀን ማረፍ ይፈልጋሉ። ልጆቹ የሚደሰቱበት፣ ባለቤታቸው የሕዝቡን ባህል የሚያዩበት፣ እሳቸው አየር የሚቀበሉበት ፕሮግራም አውጪልኝ» አለኝ።

ጓድ ብዙነህ ምን ያህል ትልቅ ሰው እንደሆኑ ለመገመት የአለቃዬን ግንባር ማየት ይበቃል። እንግዳው ሊመጡ ገና አራት ቀን ሲቀራቸው እሱ ከወዲሁ ላብ አጥምቆታል።

ማክሰኞ ዲንሾ አልኩ፤ ልጆቹ ኒያላ ያያሉ፣ ፈረስ ይጋልባሉ። ረቡዕ ሳነቴ፤ ቀይ ቀበሮ ያያሉ፣ ሲመለሱ ከወንዝ ዓሣ ያጠምዳሉ። ሐሙስን ልጽፍ ስል አለቃዬ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ አለና፣ «ሐሙስ ሃረና ይሁን። ባለቤታቸው የጫካ ቡና ሲለቀም ካላየሁ ብለዋል። ከለቃሚዎቹ ጋር ዳስ ለዳስ እየዞሩ ይጫወታሉ» አለ።

ክው አልኩ።

ከነዚያ ዳሶች ባንዱ ውስጥ ወንድሜ ከማለዲን ተደብቆ ነበር። ከሰሜን ግንባር ከጠፋ ሰባት ወሩ ነው። ከጦር የጠፋ ሰው ሲያዝ ምን እንደሚደረግ ለማንም አይጠፋውም። በዚያው ክረምት የአንዲት ጎረቤታችንን ልጅ ረሽነው ለእናቱ ልብሱን ልከውላታል። ሹራቡን እኔም አይቼዋለሁ፤ እናቱ ራሷ የሠራችለት ነበር።

ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ይዤ ሮቤ ገባሁና ለእናቴ ለሞሚና ሹክ አልኳት። «ሐሙስ ሃረና ሊሄዱ ነው።» እናቴ መቁጠሪያዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ስገባ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ሃረናን ከወረቀቱ ላይ ማስፋቅ። «መንገዱ ጭቃ ነው» አልኩት አለቃዬን። ሁለት መኪና ላንድሮቨር ተመድቧል አለኝ። «አንበሳ አለ» አልኩት። ለልጆቹማ ደስታ ነው አለኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ፣ «ጓድ፣ ሃረና ውስጥ እኮ ስልክ የለም። ጓድ ብዙነህ ድንገት ከማዕከል ቢፈለጉስ?» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ ሃረናን ሁለት ጊዜ ሰረዘው። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሶፍ ዑመር» አልኩ ያለማመንታት። «በጎሮ በኩል ደርሶ መልስ ነው፤ ጎሮ ስልክ አለ። ዋሻው ልጆቹን ያስደንቃል። ለዝያራ፣ ሼኩን ሊሳለም የሚመጣ ሰውም ስለማይጠፋ ባህል ያያሉ።»

«ጎበዝ! ግን መንገዱን ካንቺና ከኔ ሌላ ማንም እንዳይሰማ። ወሬው ከወጣ ሁለታችንም አለቀልን።»

ቤት ስደርስ ለእናቴ ልነግራት ምላሴን በልቶኝ ነበር። እሷ ቀደመችኝ። «ጠዋት መልእክት ልኬበታለሁ፤ ከዚያ ይወጣል» አለችኝ።

«ወዴት?»

«የማታውቂውን ቢገርፉሽም አታወጪውም።»

እውነቷን ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ለሚወደው ሰው የሚያደርግለት ነገር ይህ ነበር፤ አይነግረውም። እኔም አሰብኩ፤ ሃረና ተሰርዟል፣ እሱም ከሃረና ወጥቷል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣል? አለቃዬ ያለኝንም ፈርቼ አፌን ያዝኩ። ሁለታችንም ብልህ የሆንን መስሎን ተኛን።

ማክሰኞና ረቡዕ በሰላም አለፉ። የጓድ ብዙነህ ትንሿ ልጅ ከፈረስ አልወርድም ብላ አስቸገረች። ባለቤታቸው ደግ ሴት ነበሩ፤ ሳነቴ ላይ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ ፎጣቸውን አልብሰውኛል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን የምለው የሆነውን ሁሉ በክፋት ያደረጉት እንዳይመስላችሁ ነው። ያስፈራኝ የነበረው አብሯቸው የመጣው የጸጥታ ሰው፣ ደጀኔ ነው። ሰውን ሲያይ ከእግሩ ይጀምራል።

ሐሙስ ጠዋት ሶፍ ዑመር ደረስን። የቦታው ጠባቂ ሽማግሌ ጫማ አስወልቀው፣ ዱዓ አድርገው አስገቡን። ወይብ ወንዝ በዋሻው ሆድ ውስጥ እየተጉመጠመጠ ያልፋል። ልጆቹ በባትሪ ጣሪያውን እያበሩ ይጮኻሉ፣ ድምፃቸው ሲመለስ ይስቃሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ተመለሰ።

ትንሿ ልጅ ባትሪዋን ወደ አንድ ጥግ አዞረች። «እማዬ፣ ሰውዬ!»

ከዋሻው ዓምዶች ባንዱ ሥር ኩርምት ብሎ የተቀመጠው ከማለዲን ነበር።

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። በኛ አገር የሼኩን፣ የሶፍ ዑመርን ደጅ የያዘ ሰው አይነካም። ደም ያለበት ቢሆን እንኳ እዚህ እስካለ ስሙ አይጠየቅም። እናቴ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ አልታያትም። እኔም ከዚህ የተሻለ መዝናኛ አልታየኝም።

ደጀኔ ቀረበው። «ማን ነህ? መታወቂያ!»

ከማለዲን ያየው እኔን ነው። ሽማግሌው በኦሮምኛ፣ «የሼኩ እንግዳ ነው፤ እዚህ የገባ ሰው ማን ነህ አይባልም» አሉ። ደጀኔ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሉ?»

ያሉትን ብተረጉም ያበቃለታል። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ዕብድ ነው ይላሉ» አልኩ። «ቤተሰቦቹ ለፈውስ አምጥተው ጥለውት ሄዱ። መናገር አይችልም።»

ሽማግሌው አማርኛ ይሰማሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ውሸቴ እዚያ በተቀደሰ ቦታ ላይ መነገሩ እንዳሳመማቸው ከፊታቸው ታወቀኝ። ግን ዝም አሉ። ከማለዲን ደግሞ ወንድሜ አይደል፣ ወዲያው ገባው። መሳቅ ጀመረ። አሸዋውን እየዘገነ በራሱ ላይ ይነሰንሰው ጀመር። ትንሿ ልጅ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

አለቀ፣ ትተውት ይሄዳሉ ብዬ ነበር። የጓድ ብዙነህ ባለቤት ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምስኪን! እዚህ ጨለማ ውስጥ እንዴት ይተዋል? ብዙነህ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

ጓድ ብዙነህም፣ «አብዮቱ ሆስፒታል የሠራው ለማን ነው?» አሉ። «ደጀኔ፣ በሁለተኛው መኪና ጎባ አድርሱት።»

ሽማግሌው፣ «ስእለቱን ሳይጨርስ አይወጣም» ብለው ለመኑ። ይህን በትክክል ተረጎምኩ። ማን ሰምቷቸው! ወንድሜን በገመድ አሰሩት። ገመዱን እንድይዝላቸው ለእኔ ሰጡኝ።

ጓድ ብዙነህና ቤተሰባቸው ቀድመውን ሄዱ። እኛ ከኋላ ነን፤ ሾፌሩ ማሜ፣ ከጎኑ ደጀኔ፣ ከኋላ እኔና ከማለዲን። ማሜ ከወንድሜ ጋር እስከ ስምንተኛ ክፍል ባንድ ወንበር ተቀምጧል። በመስታወት አንድ ጊዜ አየውና ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ደጀኔ መተዋወቃቸውን እንዳያውቅ በልቤ አላህን እለምናለሁ። ጎሮ ኬላ ላይ ወታደሮቹ መኪናውን ሲያዩ ሳይፈትሹ የኬላውን ገመድ አወረዱልን።

«የት አገር ሰው ይመስልሻል?» አለኝ ደጀኔ ሳይዞር።

«አላወቅሁም ጓድ።»

«አረማመዱ የገበሬ አይደለም።»

ከማለዲን ሳቁን ጨመረ።

ሮቤ ልንገባ ስንል ማሜ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ጓድ፣ ዛሬ ገበያ ነው፤ በጀርባ ብንዞር ይፈጥናል» አለ።

«የለም፣ በመሃል ሂድ» አለ ደጀኔ። «እንዲያውም አቁም። የሚያውቀው ሰው ካለ ቤተሰቡን እናገኝለታለን።»

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። ማሜ ገበያው መሃል አቆመ። ደጀኔ ወርዶ የኋላውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ሲጋራውን ለኮሰ።

ሮቤ ተወልደን ያደግንባት ከተማ ናት። ከማለዲንን የማያውቅ ሰው በዚያ ገበያ ውስጥ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣው ጨው ነጋዴው ዘይነዲን ነው፤ ወንድሜን ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው። «ጁሀራ፣ አካም? ነጋ?» አለኝ። ሰላም ነው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ጤና እንዴት ነው፣ አንዱንም ሳያስቀር ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ አየ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«ታሞ ነው» አልኩ። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ሌላ መጣ። ሌላም መጣ። የጎረቤት ሴቶች፣ የመድረሳ ጓደኞቹ፣ ልብስ ሰፊው። ሰላም ይሉኛል፣ እሱን ያያሉ፣ አላህ ያሽረው ይላሉ፣ ያልፋሉ። አንድ ገበያ ሙሉ ሕዝብ ሳይመካከር ዋሸ። የደጀኔ ሲጋራ አልቆ ሌላ ለኮሰ።

ያን ጊዜ እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ከሽንኩርት ተራ ብቅ አለች።

እናቴ ዶሮ ቢጠፋባት ሰፈር የሚሰማላት ሴት ናት። አሁን ትጮኻለች አልኩ። በዓይኔ ልለምናት ፈለግሁ፤ ግን ደጀኔ የሚያየው የኔን ዓይን ነው። ከማለዲን ቀና ብሎ አያት፤ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እሷ እርምጃዋን ሳትቀይር መጣች።

«ጁሀራ፣ እንግዶቹን በሰላም መለስሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እማዬ።»

ደጀኔ ይህን ሲሰማ ሲጋራውን ጣለ። «እናትሽ ናቸው?» አለና ወደ እሷ ዞረ። «እናት፣ ይሄን ሰው ያውቁታል? ደኅና አድርገው ይዩት።»

እናቴ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ወደ መኪናው ገባ አለችና የወንድሜን ፊት አየች። ከሱ ጋር ስንዝር አይራራቁም። እጁ የታሰረበትን ገመድ አየች። ገመዱን የያዝኩትን እኔን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ደጀኔ ዞረች።

«አላውቀውም፣ ልጄ» አለች። ልጄ ያለችው ደጀኔን ነው። «የማን ልጅ ይሆን? እናቱን አላህ ያጽናት።»

ደጀኔ በሩን በኃይል ዘጋው። «በቃ፣ ዕብድ ነው። ወደ ሆስፒታል ንዳ» አለ።

መኪናው ሲነሳ ከማለዲን ፊቱን ወደ ላሜራው አዙሮ ነበር። ዕብድ መሆኑን ትቶታል። «ሳቅ» ልለው አልቻልኩም፤ ደጀኔ ከፊት ተቀምጦ ያፏጫል። በኋላው መስኮት እናቴን ፈለግኋት። ሽንኩርት ሻጯ ፊት ቁጢጥ ብላ እያገላበጠች ትመርጣለች። ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ ቀና ብላ አላየችንም።