የተረፈው ሰም

ስድስት ከሦስት ይበልጣል፣ ይኼን ማንም ያውቃል፣ ታዲያ እንዴት ስድስቱ ቀድሞ ያልቃል ትለኛለች ይህች ልጅ፣ በይ እስቲ እንደገና። የልጄ ልጅ ዝናሽ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ነገ የኬሚስትሪ ፈተና አለባት፣ ደብተሯን ጉልበቴ ላይ ዘርግታ እርሳስ ትነክሳለች። አባባ፣ ብዛቱን አይዩ፣ ድርሻውን ይዩ። ሰማንያ አራት ግራም ናይትሮጅን፣ አሥራ ሁለት ግራም ሃይድሮጅን፣ ሲገናኙ አሞኒያ ይወጣል፣ ማዳበሪያ የሚሠራበት፣ መጀመሪያ ግራሙን ወደ ሞል፣ ሞል ማለት እንደ ደርዘን ነው አባባ፣ መቁጠሪያ ነው። ለእኔ ነው መቁጠር የምታስተምሪ? ትስቃለች። ናይትሮጅኑ ሦስት ሞል፣ ሃይድሮጅኑ ስድስት፣ ግን አንዱ ናይትሮጅን ሦስት ሃይድሮጅን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ስድስቱ ለሁለት ብቻ ይበቃል፣ አለቀ፣ ሥራው ቆመ፣ ሊሚቲንግ ሪአክታንት ይሉታል፣ ቀድሞ አልቆ ሌላውን የሚያቆመው። ሦስተኛው ናይትሮጅንስ? ይተርፋላ። የት ይሄዳል? የትም አይሄድ አባባ፣ እዚያው ቁጭ ይላል፣ ሃያ ስምንት ግራም።

እዚያው ቁጭ ይላል።

እደምራለሁ፣ የገባው ዘጠና ስድስት፣ የወጣው አሞኒያ ስልሳ ስምንት፣ የተረፈው ሃያ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት፣ አንዲት ግራም አልጎደለችም፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን ሌላ ሒሳብ ትዝ አለኝ። ሰም። የደብሩ ሰም።

ባለፈው ወር ለክብረ በዓሉ ጧፍ ሲሠራ አሥራ ሁለት ኪሎ ሰም በእጄ መዘንኩ። ከአንድ ኪሎ አርባ ጧፍ ይወጣል፣ አራት መቶ ሰማንያ መሆን ነበረበት፣ የወጣው አራት መቶ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ደግሰው ነው፣ የአርባ ዓመት ወዳጄ፣ ከጋዝጊብላ በአንድ አህያ ጨው ጭኜ ስነዳ ከጎኔ የሄደ፣ ዛሬ ሁለት ወፍጮ ሲኖረኝ ከማንም ቀድሞ ደስ ያለው። ክሩም ሰሙም እኩል አለቁ አለኝ። እኩል! ሁለት ነገር እኩል ሲያልቅ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ በርበሬና ጨው እንኳ እኩል አያልቁም፣ እንዴት አመንኩት።

ወለተ ሐና ግን፣ ክሩን የምትፈትለው፣ ጧፉን የምትሠራው፣ ባሏ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ሥራ የኖረች፣ ክሩ ነው ያለቀብኝ አያ ይግዛው፣ ሰሙማ ድስቱ ውስጥ ትቼው ነው የወጣሁ አለች። እኔ ምን አልኩ? በሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ በቁጥር የሁለት ኪሎ ሰም ጉድለት ተገኝቷል፣ ሰሙን የነካችው እሷ ብቻ ናት። ይግዛው ይቁጠር ያለው ደግሰው ራሱ ነው፣ እሱ ከቆጠረ ማን ይከራከራል ብሎ። ማንም አልተከራከረ። ከዛሬ ጀምሮ ጧፍ ቤት እንዳትገባ ተወሰነ፣ እሷም ለራሷ በኽምጣና፣ በአገው ቋንቋዋ፣ አንድ ነገር ብላ ወጣች።

የክሩ ልቃቂት ስንት ነበር? አርባ። አውቀዋለሁ እኮ፣ አንድ በአንድ ቅርጫት ውስጥ ስትጥል አፌ ውስጥ ቆጥሬዋለሁ፣ አንዱ ልቃቂት አሥር ጧፍ፣ አርባው አራት መቶ፣ ልክ አራት መቶ! ክሩ ነው ያለቀው። ውዱ ሰሙ ነው ብዬ ከሰሙ ብቻ ተነሳሁ፣ ክር ምን አላት ብዬ። ሰሙ አሥር ኪሎ ሠርቶ ሁለቱ ተረፈ፣ እዚያው ቁጭ አለ፣ ቁልፉ ደግሰው ኪስ ውስጥ።

አባባ፣ ምን ሆኑ? ምንም። ጻፊ።

አንተ ቆጣሪ! ደግሰው ነው፣ እሱው፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ተነስ እንጂ፣ በወለተ ሐና ፈንታ ጧፍ ቤት ማን ይግባ ሊባል ጉባኤው ሊጀመር ነው፣ ባጃጅ ይዤልሃለሁ። ይገባል፣ ይስቃል፣ ዝናሽን ጸጉሯን ይነካካታል። ተረፈ ወይ ብዬ ብጠይቅ አልተረፈም ይላል፣ ስንት ብዬ ልጠይቀው። ደግሰው፣ ያ የተረፈው ሰም ስንት ኪሎ ሆነ?

ሁለት አይሞላም እኮ፣ ከድስቱ ሲፋቅ፣

ቆመ።  ዓይኑ ወደ በሩ ሄዶ ይመለሳል። ልነግርህ ነበር ይላል፣ በእናቴ፣ ግን አንዴ ሰው ፊት ከቆጠርክ በኋላ እንዴት ላሳፍርህ፣ ለአንተ ስል ነው። ለእኔ ሲል! አርባ ዓመት፣ ከአንድ ቅል ውኃ ጠጥተን፣ ጨው ላይ ተኝተን፣ ከዚያ ስሜን ወስዶ የድሃ ሴት ደጅ ዘጋበት፣ ለእኔ ሲል። እንዲህ ደግሞ አትየኝ ይላል፣ ሁለት ኪሎ ሰም ነው፣ ሰው አልገደልኩ። ውጣ። ይግዛው። ውጣ አልኩ እኮ።

ቤተ ክርስቲያኑ በቀኝ ነው፣ ጉባኤው እዚያ ነው፣ እግሬ ወደ ግራ ይወስደኛል፣ ቁልቁል ወደ ወለተ ሐና ቤት፣ ዝናሽ ከኋላዬ ዱላዎን አባባ ትላለች፣ ዱላ አልፈልግም፣ ምን ብዬ ነው የምጀምር፣ ይቅር በዪኝ ቀላል ነው፣ እሱን እዚህ በሩ ላይ ብዬ ብመለስ ምን ይጠቅማታል፣ ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት፣ ሰው ፊት ነው መባል ያለበት፣ ነጠላሽን ልበሺና ነይ፣ ጉባኤው ሳይበተን፣ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ፣ የዋሸ እሱ ነው፣ እንዲህ እላለሁ፣ በዚሁ ቃል። ሳንቃውን አንኳኳለሁ። ወለተ ሐና። ወለተ ሐና፣ እኔ ነኝ።

ማነው? ትላለች ከውስጥ። ድምፄን ታውቀዋለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እንዴት አታውቀውም፣ እግሯ ወደ በሩ ሲመጣ ይሰማኛል፣ ሲቆም ይሰማኛል፣ በመካከላችን ሳንቃው ብቻ ነው፣ ማነው? ትላለች እንደገና፣ ይግዛው ነኝ እላለሁ፣ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ፣ ነጠላሽን ልበሺና ነይ፣ ጉባኤው ፊት ልናገረው።