የሰገነት መርዶ

ፋንታሁን ግትር ነው። እህቴ ተናኜ አርባዋ በወጣ ማግስት፣ ሐዘንተኛው ባሏ ቤቱ አርፎ እንደመቀመጥ፣ ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ረጃጅም ቀርከሃ መትከል ጀመረ። ሰው አበደ አለ። እኔም ብያለሁ።

ልጃቸው ሰገነት ካርኮቭ በሚባል የባሕር ማዶ ከተማ ነበር የምትማረው። ጊዜው 1984 ዓ.ም. ነው፤ የላካት መንግሥት ወድቋል፣ የተቀበላት አገርም ፈርሷል፤ መመለሻ የላትም። ደብዳቤ ወራት ይፈጃል። ደግሞስ መርዶ በደብዳቤ ይነገራል እንዴ? ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው።

ፋንታሁን የአውሮፕላን ማረፊያው የሬዲዮ ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜውም በአማተር ሬዲዮ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ያወራል። ሰገነትም የአባቷ የሬዲዮ ፍቅር ተጋብቶባት ተቋሟ ውስጥ ካለው የሬዲዮ ክበብ ሆና በየእሑዱ ትጠራዋለች። በአሮጌው አንቴና ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነበር የሚመጣው። "እማዬስ?" ባለችው ቁጥር፣ "አልሰማሁሽም፣ ድገሚው" ይላታል። እየሰማ!

"እንዲህ ባለ ድምፅ አልነግራትም፣ እትዬ" አለኝ። "ስታለቅስ ልንሰማት፣ ስናለቅስላት ልትሰማን ይገባል።"

ቀርከሃዎቹ የአዲስ አንቴና ምሰሶ ነበሩ፤ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ከአንድ ግንድ ተነሥተው እንደተከፈተ መቀስ ወደ ሰሜን ተዘረጉ። እንዲህ ያለ አንቴና ኃይሉን ሁሉ አፉ ወደዞረበት ይልካል፤ ካርኮቭ ደግሞ ከጂንካ ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው። ሽቦውን ሲወጥር እጁ ቆሳሰለ።

የመርዶ ወጉ ጎህ ሲቀድ ነው። እሷ የምትገኘው ግን እሑድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነውና፣ በዚያው ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ የሬዲዮውን ክፍል ሞላው። ድምፅዋ አጠገባችን የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

"አባዬ! ዛሬ ድምፅህ እንዴት ጥሩ ይሰማል! እስቲ እማዬን አቅርባት። ኦቨር።"

"ኦቨር" ማለት ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው፤ ፋንታሁን የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

"ሰግዬ፣ አጠገብሽ ማን አለ? አብራሽ የምትማረው ኪያ የለችም? ሂጂና ጓደኞችሽን ጥሪያቸው። ኦቨር።"

የአገሯን ወግ ታውቃለች፤ ሰው ጥሪ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋትም።

"ማንም የለም" አለች። "እማዬ ናት አይደል?" ብላ ጮኸች።

ቤቱ በዋይታ ተናጋ። እኔም ደረቴን መታሁ። ግን ሬዲዮ ነው፤ ቁልፉን ተጭነው ይናገራሉ፣ ለቀው ይሰማሉ። ሰገነት እጇ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ፤ አልለቀቀችም።

"ልቀቂው ልጄ!" ይላል ፋንታሁን። ማን ይስማው!

"አባዬ፣ ለምን ዝም ትለኛለህ? አንድ ቃል እንኳ ተናገረኝ!"

ያ ሁሉ ሰው ስለ እሷ እያለቀሰ፣ ልጅቷ ባዕድ አገር ብቻዋን ተረዳች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሞገዱ ደከመ። ድምፅዋ ራቀ፣ ቀጠነ፣ የሬዲዮው ሹሹታ ዋጠው። ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን እየጠራረጉ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ፋንታሁን ቁልፉን እንደተጫነ ነበር።

"አለሁ ልጄ፣ ሁላችንም እዚህ ነን" ይላል። "ኦቨር" ግን አይልም፤ ለቆ የሚመጣውን ባዶ መስማት ፈርቶ።