ሀጂ በክሪ ያልማሉለት ዘፋኝ

መምህር ተስፋዓለምን የጎዳው መዝፈኑ አይደለም፤ ማብራራቱ ነው። ዝም ብሎ ዘፍኖ ቢወርድ ኖሮ የጭሮ ሰው ትንሽ ስቆ፣ ትንሽ አጨብጭቦ፣ በየባጃጁ ተጭኖ ይበተን ነበር። ግን አስተማሪ አይደል? ሳያብራራ አይጀምርም።

የወላጆች ቀን ነበር። የሙዚቃ መምህሩ ከኪቦርዱ ኋላ ተነስቶ ማይኩን ያዘና፣ አሁን የሚዘፍነው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በጣሊያን ኦፔራ ቤቶች ይዘፈን የነበረ ዜማ መሆኑን ተናገረ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዜማውን ይዘፍኑት የነበሩት ወንዶች ድምፃቸው እንዳይጎረንን በልጅነታቸው የተሰለቡ ናቸው ብሎ ቀጠለ። ያ ጭካኔ ሲቀር ዜማዎቹም ዘፋኝ አጥተው ለብዙ ዘመን መረሳታቸውን፣ ዛሬ ግን ጤነኛ ወንዶች በልምምድ ብዛት ቀጭኑን ድምፅ እያወጡ እንደገና ሕይወት እየዘሩባቸው መሆኑን አስረዳ። ይህን የኋለኛውን የሰማ የለም። «የተሰለቡ» የምትለዋ ቃል አዳራሹን ሞልታው ስለነበር ለሌላው ቦታ አልተረፈም።

ከዚያ ዘፈነ። ከስልኩ እየሰማ፣ ኖታውን በእጁ እየገለበጠ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ትራስ አፉ ላይ ይዞ ዓመታት የለፋበት ዜማ ነው። ያ ቀጭን ድምፅ ከዚያ ጢማም ሰው ሲወጣ ያልደነገጠ የለም። ያምር ነበር፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ወሬው የጫት ተራውን አዳርሶ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ገለምሶ ገባ። ጫት ይዞ በርጫ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ በልጅነቱ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ጦርነት ላይ ነው ይላል። መሰለቡን ግን የተጠራጠረ አልነበረም።

ወሬው ደግሞ የመጣው በክፉ ሰዓት ነው። ተስፋዓለም ለሰርካ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰርካ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ አባቷ አቶ ገብሬ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሰው ናቸው። የእሱ ዘመዶች ሩቅ ወሎ ስለሆኑ አከራዩን ሀጂ በክሪን ለምኖ ላካቸው። የሀጂ ቃል በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የታመነ ነው፤ ከሳቸው የተሻለ ሽማግሌ ከየት ይገኛል?

አቶ ገብሬ በትሕትና ተቀበሏቸው።

«ከተማው የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ሀጂ» አሏቸው። «እኔ ግን ከከተማው ይልቅ እርስዎን አምናለሁ። አንድ ግቢ ነው የምትኖሩት። ሙሉ ወንድ ነው ብለው ይማሉልኝና ልጄን ልስጥ።»

ሀጂ በክሪ በውሸት ምለው አያውቁም፤ ባላዩትም ምለው አያውቁም።

«ወላሂ ልጁ ጨዋ ነው፤ በዚህ እምላለሁ» አሉ። «ያላየሁትን ግን አልምልም። አላህ ይጠይቀኛል፣ አቶ ገብሬ።»

እንዲህ ያለ ጥብቅ እውነተኛነት ከውሸት በምን ይሻላል? «ሀጂ እንኳ አልማሉለትም» ተባለ፤ በቃ፣ ወሬው ማኅተም ተመታበት። ሀጂም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሰርካ ግን ትወደው ነበር። «አባቴ ልጅ ሲያይ ይታረቀናል» አለችው። «አንተ ብቻ ያን ድምፅ ተወው። ለእኔ ስትል።»

ተወው። ያለ ድግስ፣ ያለ አባት ምርቃት ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። ተማሪዎቹን ዶ ሬ ሚ ሲያስተምር እንኳ ዜማው ከፍ ሲል አፉን ይዘጋና ኪቦርዱን ይጫናል። ሰው የማያውቀው ለቅሶ ነበር ለእሱ። እነዚያን ዜማዎች አንድ ቀን በሙሉ ዝግጅት ለሰው አሰማለሁ ብሎ የኖረ ሰው፣ አሁን ሻወር ቤት ውስጥ እንኳ ማፏጨት ፈራ።

ሰርካ ስታረግዝ እንደ ሕፃን ዘለለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ሆዷ ገፍቶ መታየት ሲጀምር፣ በገበያ ቀን እጇን ይዞ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ያዞራት ነበር። ሰውም «እንኳን ደስ አላችሁ» ይልና ፈገግ ይላል። የፈገግታው ነገር ለሁለቱም አልገባቸውም።

ሴት ልጅ ተወለደች። አቶ ገብሬ እውነትም መጡ። ሀጂ በክሪም መጡ፤ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ቤቱን ሞላው። ገንፎው ተበልቶ ጨዋታው ሲደራ ሕፃኗ አለቀሰች፤ ቢያባብሏት እምቢ አለች። ሰርካ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ በርቷል።

«አሁንማ ማን ምን ይላል? ዝፈንላት» አለችው።

ከልጁ የተለየ ንጉሥ የሚያለቅስበትን ዜማ መረጠ። ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተፈታና ወደ ላይ ወጣ። ሕፃኗ ዝም አለች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ተስፋዓለም በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሲጨርስ አቶ ገብሬ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ግንባሯን ሳሟት። ወደ ሰርካ ዞሩና ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ ከልባቸው፣

«አይዞሽ ልጄ» አሏት። «ምንም አልቀየምሽም። ምን ታደርጊ? ልጅ የእግዜር ነው። አባቷ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ አያቷ ነኝ።»

«አባዬ!» አለች ሰርካ። ሌላ ልትል ብትሞክር እንባዋ ቀደማት። ሴቶቹ ከበቧት። «እሰይ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!» እያሉ ጀርባዋን ያሻሿት ጀመር። ለቅሶዋን ንስሐ አደረጉት።

«ልጄ ናት!» ብሎ ጮኸ ተስፋዓለም። «የእኔ ናት!»

ሰው ሁሉ በሐዘኔታ መሬት መሬቱን አየ። ሀጂ በክሪ በዝግታ ተነስተው ትከሻውን ያዙት።

«አብሽር ልጄ» አሉት። «ሌላው ቢሆን ያባርራት ነበር። አንተ ጨዋ ነህ።»

ቤቱም ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ።