ያልጠነከሩት ምሰሶዎች

ሰርክአዲስ መሰላሉን ወጥታ ትናንት የተሞላውን ምሰሶ አናት በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጣቷ ሰመጠ። ቀጣዩንም ሞከረች፤ ያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያደረ ኮንክሪት፣ ገና ከሚክሰር መኪና የወረደ ይመስል እርጥብ ነበር። መሰላሉ ላይ እንደቆመች ግንባሯን ቀዝቃዛው ፌሮ ላይ ደገፍ አድርጋ ዐይኗን ጨፈነች። ክረምት በመጣ ቁጥር ይህን ሙያ ለምን እንደመረጠች ይጠፋባታል።

የሕንጻው መሐንዲስ እሷ ናት። ሕንጻው ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነው። ባለቤቶቹ መንገድ ሲሰፋ ሱቆቻቸው የፈረሱባቸው ነጋዴዎች ናቸው፤ ተሰባስበው አክሲዮን ገዝተው የጀመሩት ሥራ ነው። አስተባባሪያቸው ጋሼ ሽኩር ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የሚከፍቱት ሱቅ ስለሌላቸው በየጠዋቱ እዚህ ይመጣሉ፤ ብሎኬት ላይ ይቀመጡና ሕንጻው ሲያድግ ያያሉ።

ትናንት ኮንክሪቱ ከፋብሪካው በሰዓቱ ወጥቶ ነበር። አራት ኪሎ ላይ መንገድ ተዘጋና ሚክሰሮቹ ዝናብ ውስጥ ቆመው ዋሉ። ሲደርሱ ኮንክሪቱ እንደ ተገነፋ ገንፎ ጠጥሮ ነበር፤ በፌሮዎቹ መሀል አልፎ ወደ ታች አይወርድም።

ፎርማኑ ሉልሰገድ የውኃውን ጎማ ጎተተ። “ትንሽ ውኃ ነው እንጂ ሌላ ምን ያደርገዋል ኢንጂነር?”

“ውኃ አይነካውም” አለች። “ውኃ ስትጨምርበት ይቀጥናል፣ አቅሙም አብሮ ይቀጥናል። ኬሚካሉን አምጡልኝ።”

ኬሚካሉ ኮንክሪቱን ያለ ተጨማሪ ውኃ የሚያላላ ፈሳሽ ነው፤ የሚረጋበትንም ጊዜ በመጠኑ ያዘገያል። ለክታ ሚክሰሩ ውስጥ ጨመረች። በርሜሉ ጥቂት ከዞረ በኋላ ያ ደረቅ ነገር ለስልሶ እንደ አጥሚት ፈሰሰ፤ ሠራተኞቹም ሳቁ። እሷም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አሁን ግን ከመሰላሉ ወርዳ ስልኳን አወጣችና ፋብሪካው ጋ ደወለች። ያነሳው ጭነት የሚልከው አብዱልመሊክ ነው።

“ትናንት ኮንክሪቱ ላይ ምን ጨመራችሁ?”

“ማዘግያ ነዋ። መንገዱ መዘጋቱን ስሰማ፣ ሳይደርስላችሁ እንዳይደርቅ ብዬ ከወትሮው ከፍ አደረግሁት። ምነው?”

“እኔም እዚህ ጨመርኩበት።”

“ደውዬልሽ ነበር እኮ እህቴ። አላነሳሽም።”

እውነቱን ነበር። ኮንክሪቱን የሚጠቀጥቀው ቫይብሬተር እያጓራ ስልኩን ማን ይሰማል? ልትቆጣው አሰበች፤ ግን ቁጣም ጉልበት ይጠይቃል። “እሺ” ብላ ዘጋችው።

ጋሼ ሽኩር ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡና ፊቷን አዩት።

“ምን ሆነ ልጄ?”

“አልጠነከረም ጋሼ። ፋብሪካውም እኔም እንዳይደርቅ ብለን መድኃኒት ሰጠነው። ሁለታችንም ደግ አሰብን፤ አንዳችን የሌላውን አላወቅንም።”

“ይሞታል ወይስ ይተርፋል?”

“ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። አርፍዶ ይነቃል እንጂ ሲነቃ ጤነኛ ነው። ግን ማንም ሳይነካው መጠበቅ አለብን። ዙሪያውን የያዘውን ጣውላ ካሁኑ ከፈታን ይናዳል።”

“እንግዲያው እንጠብቃለን” አሉ። “መጠበቅ ለምደናል።”

ተቋራጩ ግን አልለመደም። ጣውላዎቹ ለሌላ ሥራ ይፈለጋሉና ከሰዓት በኋላ ደውሎ እንዲፈቱ አዘዘ። ሰርክአዲስ አይሆንም አለችው። በማግሥቱም ደወለ፤ በማግሥቱም አይሆንም አለችው። ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ላስቲክ ሥር ተኮራምተው ዋሉ። እሷም እርጥብ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው “ገና ነው” ስትል ሰነበተች።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባራና ፀሐይ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሚስማር ወስዳ የመጀመሪያውን ምሰሶ ብትጭረው፣ ሚስማሩ ነጭ መስመር ብቻ ጥሎ ተንሸራተተ። ጋሼ ሽኩር “አልሐምዱሊላህ!” አሉ። እሷ ብሎኬቱ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ እርጥብ ጫማዋን አወለቀች።

ሳምንታት አለፉ፤ በምሰሶዎቹ ላይ ቀጣዩ ወለል ተሞላ። የጥንካሬ ምርመራ የሚደረግበት ጊዜ ደረሰና እየዞረች ምሰሶዎቹን በጥንካሬ መለኪያው መዶሻ መታች። ሁሉም ደህና ነበሩ፤ ያንን የሚያህል መዘግየት ያጋጠማቸው አይመስሉም። ጥግ ላይ የነበረው፣ መጨረሻ የተሞላው ግን ሌላ ድምፅ ሰጣት። ደጋግማ መታችው። ከውስጡ ተቦርቡሮ ናሙና እንዲወጣ አደረገች፤ የወጣው ቀዳዳ የበዛበት፣ በጣት ሲታሽ የሚፈረፈር ነገር ነበር።

ሉልሰገድ ናሙናውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

“ኬሚካሉ ነው የጎዳው በለኝ” አለችው ሰርክአዲስ። “እባክህ እንደዚያ በለኝ።”

“አይደለም” አለ። “የመጨረሻው መኪና ላይ ነው። አንቺ ወዲያ ማዶ ነበርሽ። ኬሚካሉ እስኪሠራ አልታገሥንም። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ በዝናብ ረጥበው ቆመዋል... አሳዘኑኝ። የውኃውን ጎማ ከፈትኩት።”

እነዚያ ልጆች ሰርክአዲስንም አሳዝነዋት ነበር።

ለጋሼ ሽኩር ራሷ ነገረቻቸው። በዚያ ምሰሶ ላይ ያረፈው የወለሉ ጥግ በድጋፍ ተይዞ፣ ምሰሶው ፈርሶ እንደገና መሞላት አለበት፤ የሱቆቹ መክፈቻም ይዘገያል። ሽማግሌው ሰምተው ጨረሱና ጠየቋት።

“ሉልሰገድን ልታባርሪው ነው?”

“አላውቅም ጋሼ። ደክሞኛል።”

“እንግዲያው ዛሬ አትወስኚ” አሉ። “የደከመው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይተናል።”

በማግሥቱ ድጋፉ ገባ። ሉልሰገድ የኮንክሪት መስበሪያውን ጃክሐመር ማንንም ሳያስነካ ራሱ ያዘው። አቧራው ሲነሳ ጋሼ ሽኩር በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ቆመው አዩ፤ ሰርክአዲስም ከጎናቸው ቆመች። ምሰሶው በቀላሉ ነበር የሚፈርሰው፤ ያም ነው ያስከፋት።